ይግባኝ የተባለው ውሻና የአቶ ሽበሺ ሁዳዴ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አቶ ሽበሺ» ማለት በጅማ ከተማ የመንደራ ቆጪ ነዋሪ የሆኑ፣ ከፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት በጡረታ የተገለሉ፣ ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ፣ አንድ ሚስት፣ አንድ የአቮካዶ ዛፍና አንድ ኮት ያላቸው፣ ሕግ አክባሪና ጾም አጥባቂ የተፈጥሮ ሰው ናቸው። ጾም አጥባቂነታቸው በተለይ ሊሰመርበት ይገባል። በሁዳዴ በሥራ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ ወደ አፋቸው አያስጠጉም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ቢሆን ብስኩት ከመግዛታቸው በፊት መነጽራቸውን አድርገው በመጠቅለያው ጀርባ የተጻፈውን ያነባሉ፤ ወተት የሚል ቃል ካገኙ፣ ማኅተም የጎደለው ማመልከቻ ለባለጉዳይ ይመልሱበት በነበረው ፊት ለባለሱቁ ይመልሱለታል። እንዲህ ያሉ ሰው አንድ ቀን በኮት ኪሳቸው የተቀቀለ ሳንባ ይዘው ይዞራሉ ብሎ የጠረጠረ ጎረቤት አልነበረም።

ጡረታ ለአቶ ሽበሺ አልተስማማቸውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰው ወንበሩን ሲያስረክቡ መቀመጥን አብረው ያስረከቡ ይመስል ነበር። ጠዋት ተነሥተው የግቢውን በር መቀርቀሪያ ይፈትሻሉ፤ ወደ ቤት ሲመለሱ በትክክል መፈተሻቸውን ይጠራጠሩና እንደገና ይሄዳሉ። የአቮካዶውን ዛፍ ይዞሩታል። ራዲዮ ይከፍታሉ፣ ዜናው ከመጀመሩ በፊት ይዘጋሉ።

«ምን አለ አንድ ጊዜ ብትቀመጥ?» ትላለች ባለቤታቸው ውብነሽ።

«ተቀምጫለሁ» ይላሉ፣ ቆመው።

በ2001 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ለአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ለቅሶ ከአጋሮ ወዲያ ወደ ጌራ ሄዱ። ሲመለሱ የለቀስተኛው ሚኒባስ ጎማ ፈነዳና ከአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አጠገብ ቆመ። የእሸት ቡና ግዢ አልቆ ጣቢያው ተዘግቷል። ለቃሚው፣ አጣቢው፣ ዘበኛው ወደየቤታቸው ተበትነዋል። ቡናው የሚሰጣባቸው አልጋዎች ባዶአቸውን ናቸው። ከአንደኛው አልጋ ምሰሶ ላይ ግን አንድ ዳማ ውሻ በሰንሰለት ታስሮ ቀርቷል። ሾፌሩ የጎማ መፍቻውን ብረት ሲያነሣ ውሻው እስኪታነቅ ድረስ ተወረወረ። ሰንሰለቱ አንገቱን በልቶ ቁስሉ ላይ ዝንብ ሰፍሯል።

አቶ ሽበሺ የእንስሳት ወዳጅ አልነበሩም። ያስቆጣቸው ሌላ ነገር ነው። አንድ ንብረት ያለ ርክክብ ተትቶ መሄዱ።

«የዚህ ውሻ ተረካቢ ማነው?» ሲሉ መንገድ ዳር የቆመችውን ሴት ጠየቁ።

«ፉዳ ዴማ» አለች፤ ወስደውት ይሂዱ ማለቷ ነው። «የማንም አይደለም። ዘበኛው ለሚቀጥለው ቡና ይመጣል።»

«እስከዚያ ምን ይበላል?»

ሴትዮዋ ውሻውን አየችው፤ ከዚያም አቶ ሽበሺን አየቻቸው።

ወደ ጅማ የተመለሰው ሚኒባስ ከሄደበት አንድ ተሳፋሪ ጨምሮ ነበር። ለቀስተኛው በሙሉ ወደ ፊት ወንበሮች ተጨናንቆ፣ አቶ ሽበሺ በኋላ ወንበር ላይ ከውሻው ጋር ብቻቸውን ተቀመጡ። ስሙን «ይግባኝ» አሉት። ምክንያቱን ሲጠየቁ ጉዳዩ በሥር ፍርድ ቤት ተወስኖበት ስለነበር ነው ብለዋል።

ይግባኝ ለቤተሰቡ የዋህ ነበር። ውብነሽን በሁለተኛው ቀን ለመዳት፤ እሷም እንዳልለመደችው እያስመሰለች ለመደችው። ችግሩ ያለው ከአጥር ውጭ ነው። በሰው እጅ ላይ ረዘም ያለ ነገር ካየ ያብዳል። ዱላ፣ መጥረጊያ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ሁሉም አንድ ነው። የጣቢያው ዘበኛ በምን ያናግረው እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። ከሁሉ የከፋው ግን ጃንጥላ ነበር፤ ምክንያቱም ዱላ መስሎ ቆይቶ ድንገት ያብጣል። ጅማ ደግሞ ዝናቡ ቀጠሮ የማያከብር ከተማ ስለሆነች፣ ነዋሪዋ ጃንጥላውን ከጫማው ለይቶ አያየውም።

በአቶ ሽበሺ ደጅ ከሚያልፉት ጃንጥላዎች ሁሉ መደበኛው የሐጂ መሐሙድ ነበር። ሐጂ መሐሙድ የቡና ንግዱን ለልጆቻቸው ትተው ቀሪ ዘመናቸውን ለመስጊድ የሰጡ፣ አጥር የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው። በየሰላቱ ሲሄዱና ሲመለሱ በዚያ በር ያልፋሉ። የካቲት መግቢያ ላይ አንድ ቀን ለፈጅር፣ ለንጋቱ ሰላት፣ ሲያልፉ፣ ይግባኝ በሩ ሥር ባለው ክፍተት ሾልኮ ወጣና የሐጂን ነጭ ጀለቢያ ጫፍ ያዘ። አልነከሳቸውም፤ ነገር ግን ልብሱን በምራቅ አራሰው። የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ በእሳቸው ሃይማኖት ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር ካልታጠበ አይሰገድበትም። ሐጂ ወደ ቤት ተመለሱ፤ ሌላ እስኪለብሱ አብሯቸው የሚሰግደው ጀመዓ ተበትኖ ነበር።

ጉዳዩ ወደ ሰፈሩ እድር ሄደ። የእድሩ ዳኛ ወይዘሮ እታገኝ ናቸው፤ ሰፊ አካልና ከዚያ የሰፋ የወሬ እውቀት ያላቸው፣ ከአቶ ሽበሺ ጋር በአንድ ደብር የሚያስቀድሱ ሴት።

«ሽበሺ» አሉ ሐጂ መሐሙድ፣ «ወላሂ በውሻው አልተቀየምኩም። እሱ ሥራውን ነው የሠራው። ግን ፈጅርን ከጀመዓ ጋር ሳልሰግድ ቀረሁ። በዚህ ዕድሜዬ ስንት ፈጅር የቀረኝ መሰለህ?»

አቶ ሽበሺ አንገታቸውን ደፉ።

ወይዘሮ እታገኝ ወሰኑ። «ጾም እየገባ ነው። በጾም ሰው አናስቀይምም፣ ውሻም አናባርርም። ሆሳዕና ዕለት፣ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ፣ በሩ ላይ ቆመን እናያለን። ሐጂ ጃንጥላቸውን ይዘው በአጠገቡ ይለፉ። ዝም ካለ ዝም እንላለን። ከጮኸ ግን ወደመጣበት ይመለስ።»

«ወደመጣበት ማለት?» አሉ አቶ ሽበሺ። «ጣቢያው እስከሚቀጥለው ቡና ዝግ ነው። ያለው ሰንሰለቱ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው አያስጩኹት።»

አቶ ሽበሺ ያን ዕለት የበሩን መቀርቀሪያ ከወትሮው አብልጠው ፈተሹ።

ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ልትሰጠው የመጣችው ወጣት የእንስሳት ሐኪም ጽዮናዊት፣ ይግባኝን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ መርፌዋን እየከደነች «ጋሼ፣ ይሄ ቁጣ አይደለም። ፍርሃት ነው» አለች።

«ጩኸቱ ግን የቁጣ ነው።»

«የሚፈራ ሰው አይጮህም? ጃንጥላ ሲያይ ዱላ ነው የሚታየው። ስለዚህ ጃንጥላ ባየ ቁጥር የሚወደው ነገር ይምጣለት። በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀስ በቀስ እየቀረቡ። ደግሞ ሳይጮህ በፊት ነው የሚሰጡት። ከጮኸ በኋላ ከሰጡት መጮህን ነው የሚያስተምሩት።»

«የሚወደው ነገር ሲባል?»

«ሥጋ ነዋ።»

የሁዳዴ ሁለተኛ ቀን ነበር። አቶ ሽበሺ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሽሮ የነካ እንጀራስ?»

«ይሞክሩት» አለች ጽዮናዊት ትሕትና ባለው ድምፅ።

ሞከሩት። ይግባኝ ሽሮውን አሸተተ፣ ጌታውን በአክብሮት ተመለከተ፣ ከዚያ ዞሮ በአንዲት አላፊ ሴት ጃንጥላ ላይ ጮኸ። ቆሎ ተሞከረ፤ የተቀቀለ ድንች ተሞከረ። በሳምንቱ ጽዮናዊት ተመልሳ መጥታ ውጤቱን ስትሰማ፣ «ጋሼ፣ እሱ እኮ አይጾምም» አለች።

እዚህ ላይ ለአገሩ እንግዳ የሆነ አንባቢ፣ ሥጋ መግዛት ምን ችግር አለው ሊል ይችላል። ችግሩ ይህ ነው፦ በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ዝግ ነው። ክፍት የሚሆነው የሙስሊም ሥጋ ቤት ነው፤ ክርስቲያን ደግሞ በፋሲካም ቢሆን እዚያ አይገዛም። ስለዚህ በጾም ከዚያ ቤት ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ የሚወጣ የደብር ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሽሯል ተብሎ ይታማል። አቶ ሽበሺ ሕይወታቸውን በሙሉ ያልተከሰሱበት ዝርዝር በአንድ ጠዋት ሊሞላ ሆነ።

ሂርማታ ገበያ ሄዱ። የሙስሊሙን የኢስሃቅን ሥጋ ቤት አለፉት። ተመልሰው አለፉት። ከጎኑ ያለው ሰዓት አዳሽ መስኮት ላይ ቆመው የማይገዟቸውን ሰዓቶች መረመሩ። መንገዱ ጭር ሲልላቸው ገቡ።

«ጋሽ ሽበሺ፣ አህለን» አለ ኢስሃቅ። «መንገድ ጠፋብዎት?»

«ሥጋ ፈልጌ ነው።»

ኢስሃቅ ቢላዋውን አስቀመጠ። «በሁዳዴ?»

«ለእኔ አይደለም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ። ባለፈው አንዱ ለታመመች አክስቴ ብሎ ጎድን ወሰደ። አክስቲቱ በጥሬው ነው መሰል የምትበላው፣ ሚጥሚጣ የለህም ወይ አለኝ።»

«ለውሻ ነው።»

ይህን ሲሰማ ኢስሃቅ ይበልጥ ከፋው። «ቢስሚላህ ብዬ ያረድኩትን ለውሻ? ሰለምኩ ቢሉኝ እኮ ደስ እያለኝ እመርቅልዎት ነበር።» ሆኖም አዘነላቸው መሰል፣ ወደ ጓዳ ገብቶ የበሬ ሳንባ አመጣ። «ይሄ ይሻላል። ሰው አይበላውም፣ ስለዚህ ማንም አያማዎትም።»

በዚህ ኢስሃቅ ተሳስቷል። ሐሜቱ የጀመረው ሳንባው ሲቀቀል ነው። ውብነሽ የጾም ድስቶቿን አሳልፋ አልሰጠችም። ባሏን ከአሮጌ የዱቄት ወተት ጣሳና ከከሰል ምድጃ ጋር ወደ ጓሮ ሰደደቻቸው። ጣሳው ፈላ፤ በዚያ ወር በመንደራ ቆጪ ከማንም ክርስቲያን ግቢ ያልወጣ ሽታ ከአቶ ሽበሺ ግቢ ወጣ፤ አጥር ዘለለ። ወይዘሮ እታገኝ ለሌላ ጉዳይ የመጡ መስለው በር ላይ ቆሙ።

«ውብነሽ፣ እንግዳ አለባችሁ መሰለኝ።»

«የለብንም።»

«ታዲያ ማነው የፈሰከው?»

«ይግባኝ ነው።»

«እሱስ ይሁን። አሳላፊው ማነው?»

አሳላፊው ከጓሮ ብቅ አሉ፤ በእጃቸው ማማሰያ ይዘዋል። ይግባኝ ማማሰያውን አየና ጮኸ። ወይዘሮ እታገኝ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ሄዱ።

ሥራው ተጀመረ። ሐጂ መሐሙድ ሲጠየቁ እሺ አሉ። መጀመሪያ አቶ ሽበሺና ውሻው ከአቮካዶው ሥር፣ ከአጥሩ ርቀው ይቆማሉ፤ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ሐጂም ጃንጥላ ዘርግተው በደጁ ይመላለሳሉ። የተከበሩ የሰባ ዓመት ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዘው በአንድ በር ፊት ሲመላለሱ፣ ሰፈሩ በዝምታ ሊያልፈው አልቻለም። አንድ የባጃጅ ሾፌር ፍጥነቱን ቀንሶ «ሐጂ፣ ለየትኛው ዝናብ ነው?» አለ።

«ለሚመጣው» አሉት።

ይግባኝ ጃንጥላውን አይቶ ጆሮውን ሲያቆም፣ ሳይጮህ ቁራጭ ሳንባ ትመጣለች። ጃንጥላው ሲያልፍ ሳንባው ይቆማል። በሁለተኛው ሳምንት ውሻው ጃንጥላ ሲያይ መልሶ የጌታውን እጅ ማየት ጀመረ። አቶ ሽበሺ የደስታቸውን መጠን ለማንም አልተናገሩም፤ ዛፉን ብቻ ዞሩት። ከአቮካዶው ወደ ግቢው መሃል፣ ከመሃል ወደ በሩ ተጠጉ። ሐጂም ነገሩን እንደ ራሳቸው ያዙት። ከዐስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሰላት፣ ሲመለሱ ይቆሙና «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፣ ዛሬ ጆሮውን ብቻ ነው ያቆመው» ይላሉ።

ይሁን እንጂ ሥልጠናው በአሠልጣኙ ላይ ያደረሰውን ማንም አልተነበየውም። ውሻው ሳይጮህ በፊት ለመድረስ፣ አቶ ሽበሺ የሚያስጮኸውን ነገር ከውሻው ቀድመው መስማትና ማየት ነበረባቸው። የሐጂን ሸበጥ ከሌላው ሰው ሸበጥ ለዩ። የጃንጥላ ሽቦ ሲንቋቋ ከሦስት ቤት ወዲያ ይሰማቸዋል። ቤት ውስጥ ሆነው እንኳ ደጅ ላይ አንድ ነገር ኮሽ ሲል ከወንበራቸው ይነሣሉ፤ ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ይገባል። ኪሱ ሳንባ ሸተተ። ከቅዳሴ ሲወጡ የደብሩ አካባቢ ውሾች በአክብሮት ርቀት ይከተሏቸው ጀመር። አንድ ዓርብ ቄሱ መስቀል ሊያሳልሟቸው ጎንበስ አሉና አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ፤ ባረኳቸውና አለፉ።

በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ መንገድ ጠራጊ ሴቶች ረጃጅም መጥረጊያቸውን ይዘው በጠዋት ብቅ አሉ። ለዚያ የተዘጋጀ አልነበረም። ይግባኝ አቶ ሽበሺን በገመዱ እየጎተተ ቦይ አሻገራቸው፤ የኮታቸው ክርን ተቀደደ፤ ጠራጊዎቹም መጥረጊያ እየጣሉ ተበተኑ። ወይዘሮ እታገኝ በመስኮታቸው አይተዋል።

አቶ ሽበሺ ጭቃቸውን ሳያራግፉ ግቢያቸው ገቡና ውሻውን አሰሩት። «አለቀ» አሉ።

«ምኑ?» አለች ውብነሽ።

«እዪኝ እስቲ። አንድ ወር ሙሉ ደክሜ ወደ ሰንሰለቱ ልመልሰው ነው። ያኔ ትቼው ብመጣ፣ ጅማን ሳያውቅ ይቀር ነበር።»

ውብነሽ ኮቱን አስወልቃ ጭቃውን በቢላዋ ጀርባ ትፍቅ ጀመር። በዚህ መካከል ደጅ ላይ አንድ ሰው ጃንጥላ አራገፈ። ይግባኝ አንገቱን አላነሣም። አቶ ሽበሺ ግን ተስፈንጥረው ተነሡ፤ እጃቸውም ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ ኪሱ ግን ሚስታቸው እጅ ላይ ነው።

«ውሻው ተኝቷል» አለች ውብነሽ። «አሁን አንተን ማን ያሠልጥንህ?»

ሆሳዕና ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ዘንባባውን በጣቱና በግንባሩ አሥሮ የእድሩ ስብሰባ ተደረገ። ስብሰባው አጭር ነበር፤ ሁሉም የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነበርና። ሰማዩ ጠቁሯል። ደጁ ካለፈው ዝናብ ገና አልደረቀም። የእድሩ ሰዎች በአጥሩ ጥግ ተደረደሩ። ወይዘሮ እታገኝ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከሁሉ ፊት ቆሙ። አቶ ሽበሺ ከበሩ ውጭ፣ በግራ እጃቸው ገመዱን፣ በቀኝ ጣቶቻቸው መካከል አንዲት ቁራጭ ሳንባ ይዘው ከይግባኝ ጎን ቆሙ። ገመዱን ሁለት ጊዜ ጠመጠሙት፤ ፈቱት፤ እንደገና ጠመጠሙት። ይግባኝ ተቀምጦ ሰዎቹን ይመለከታል። ከተመልካቾቹ መካከል እንደሱ የተረጋጋ አልነበረም።

ሐጂ መሐሙድ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሰላት፣ ከቤታቸው ወጡ። ጃንጥላቸው እንደታጠፈ በእጃቸው ነው። «ቢስሚላህ» አሉና መራመድ ጀመሩ።

ዝናቡ ያን ጊዜ መጣ። ወይዘሮ እታገኝ ነጠላቸውን ለማዳን አንድ እርምጃ ወደ በሩ ፈቀቅ አሉ፤ እግራቸው ከጭቃው ላይ ከዳቸው፤ በመውደቅ ላይ ሆነው ወደ አቶ ሽበሺ እጃቸውን ዘረጉ። አቶ ሽበሺ ገመዱን አይለቁም፤ ሴትዮዋንም ጭቃ ላይ አይጥሉም። ያላቸው ነፃ ነገር አፋቸው ብቻ ነበር። ሳንባዋን በጥርሳቸው ያዙና በቀኝ እጃቸው የእድሩን ዳኛ ክንዳቸውን ጨብጠው አቆሟቸው።

በዚያው ቅጽበት ሐጂ መሐሙድ፣ ከውሻው አንድ ክንድ ርቀው፣ ጃንጥላቸውን ዘረጉት። ጧ አለ።

ይግባኝ ጆሮውን አቆመ። ጃንጥላውን አየ። ከዚያ እንደተማረው ዞሮ የጌታውን ፊት አየ። አልጮኸም። ሐጂ በአጠገቡ አለፉ፤ የጀለቢያቸው ጫፍ አልተነካም።

«ማሻአላህ» አሉ ሳይዞሩ፣ ወደ ጀመዓቸው እየፈጠኑ።

ከእድሩ ሰዎች አንዱ አጨበጨበ፤ ሌላው «ይቆይ፣ ይቆይ» አለ። ወይዘሮ እታገኝም ውሳኔውን ማጽደቅ ነበረባቸው። ነገር ግን ክንዳቸው ገና በአቶ ሽበሺ እጅ ውስጥ ነው፤ ፊታቸውም ከአቶ ሽበሺ ፊት ከአንድ ስንዝር አይርቅም። ስለዚህ ማንም ያላየውን አይተዋል። ጃንጥላው ጧ ሲል የደነገጡት አቶ ሽበሺ መሆናቸውን፣ ጉሮሯቸው አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ አንድ ጊዜ ዝቅ ማለቱን፣ ጥርሳቸው መካከልም ምንም አለመቅረቱን።

«አቶ ሽበሺ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ዋጡት?»

አቶ ሽበሺ አፋቸውን ለመክፈት አልደፈሩም። ይግባኝም ድርሻውን ሊቀበል እዚያው ቁጭ ብሎ፣ በትዕግሥት አፋቸውን ያያቸው ነበር።